አጭር፣ ጉርድ፣ እጥረት፤ የአንድ እንግሊዝኛ ቅጽል ጉዞ ወደ አማርኛ

(ጉርድ ሾላ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ)



የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ይህ ሰፈር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ከመጣ አንድ እንግዳ አጥኚ ጋር ከመገናኛ ተነሥተን በከተማው ባቡር ወደዚህ ስንመጣ፣ እንግዳዬ «ጉርድ ማለት ምን ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላመነታ «ሾርት» አልሁት። «ሾላስ?» አለኝ። የበለስ ወገን የሆነ፣ ጥላው ሰፊ፣ ግንዱ ወፍራም ዛፍ መሆኑን ነገርሁት። በመስኮቱ ወደ ውጭ እየተመለከተ «እንግዲያው በዚህ አገር ድንክ የሾላ ዘር አለ ማለት ነው» አለ።

አፈርሁ። በእንግሊዝኛ ያስተማርሁባቸው፣ በትርጉም ሥራ የደከምሁባቸው ዓመታት ጥቂት አይደሉም፤ ነገር ግን በአንድ ቃል ብቻ የቆመውን ዛፍ ሳይሆን ያልነበረ ዛፍ ተክዬ ነበር። ጉርድ ሾላ ድንክ ሾላ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። አንድ ዛፍ ጉርድ ለመባል አስቀድሞ ረጅም መሆን አለበት። ከቁመቱ ላይ አንድ ነገር ተወስዶበታል፤ መጥረቢያ ይሁን መብረቅ ስሙ አይናገርም፤ ከላይ የጎደለ ነገር እንዳለ ግን ይመሰክራል። «አጭር» ግን ከተፈጠረ ጀምሮ አጭር ሊሆን ይችላል፤ ማንም ያልነካው፣ ምንም ያልጎደለው ነው። እንግሊዝኛው ለሁለቱም «ሾርት» ብሎ ያልፋል። እኔም እንግሊዝኛውን ተከትዬ አለፍሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቅጽል አሳደደኝ ማለት እችላለሁ። «ሾርት» ከእንግሊዝኛ በጣም የተለመዱ ቅጽሎች አንዱ ነው። አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይማረዋል፤ መምህሩ ረጅም እርሳስና አጭር እርሳስ ጎን ለጎን ይሥላል፤ ሕፃኑም «ሾርት፣ አጭር» ብሎ በቃሉ ይይዛል። ያ እኩልታ እስከ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም እስከ መሥሪያ ቤት ሳይመረመር አብሮት ይሄዳል። ዛሬ ለማሳየት የምሞክረው እኩልታው ለእርሳስ ትክክል እንደ ሆነ፣ ለትንፋሽ፣ ለዝናብ፣ ለሳጥን ገንዘብና ለማስጠንቀቂያ ግን ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ነው።

አስቀድሜ ከጉርድ ልነሣ። ቃሉ «ጎረደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ቆረጠ፣ ገመሰ፣ ጫፉን አወረደ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር ጎራዴ ይወጣል፤ የሚጎርድ መሣሪያ። ጉርድ ቀሚስ አለ፤ ከወገብ በላይ ያለው ክፍል የሌለው ቀሚስ። ጉርድ በርሜል አለ፤ ለሁለት የተከፈለ በርሜል፤ ከቤታችን ጓሮ ውኃ የሚጠራቀምበት። እጀ ጉርድ ሸሚዝ አለ። ጉርድ ፎቶግራፍም አለ፤ ለመታወቂያ፣ ለቅጥር፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ስንሄድ «ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ይዘው ይምጡ» የምንባለው። ልብ በሉ፤ ጉርድ ፎቶግራፍ ማለት ትንሽ ፎቶግራፍ ማለት አይደለም። ሰውየው ከደረቱ በታች የተቆረጠበት ፎቶግራፍ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ያንኑ ፎቶግራፍ በፓስፖርት መጠን ይሰይመዋል፤ አማርኛው ግን ከሰውየው ምን እንደ ቀረ ይናገራል።

በዚህ ረድፍ ቁምጣም አለ። እንግሊዝኛው ቁምጣን በዚሁ በ«ሾርት» ቅጽል ብዙ ቁጥር ይጠራዋል፤ «አጭሮች» እንደ ማለት ነው። አማርኛው ግን «ቆመጠ» ከሚለው ግስ አወጣው፤ የተቆረጠ፣ ጫፉ የወደቀ ሱሪ። ቆማጣ የሚለው ከባድ ቃል ከዚሁ ቤት መሆኑን ስናስብ፣ አማርኛ በልብስ ስም ውስጥ እንኳ ቢላዋውን እንዳልደበቀ እናያለን።

አሁን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔም ባገኘሁት ጊዜ ብቻዬን የሳቅሁበት ነው። የእንግሊዝኛው «ሾርት» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሼኦርት» ይባል ነበር። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ወደ ኋላ ሲከተሉት፣ «መቁረጥ» የሚል ትርጉም ካለው ጥንታዊ የኢንዶ አውሮፓ ሥር ያደርሱታል። ከዚያው ሥር «ሸርት» ይወጣል፤ ሸሚዝ ማለት ነው። ከሰሜን ሰዎች ቋንቋ ተሻግሮ የገባው «ስከርት»ም ከዚያው ነው። ስከርት ማለት ደግሞ በእኛ ጉርድ ቀሚስ ነው! የበግ ፀጉር መሸለቻው ግስም የዚያው ቤተሰብ ነው። ጀርመንኛ ደግሞ ለ«አጭር» የሚጠቀምበትን ቃል ከላቲን ወስዷል፤ የላቲኑም ቃል ወደዚያው ወደ መቁረጥ ሥር ይመለሳል።

ስለዚህ «ሾርት» በልደቱ ጉርድ ነበር። እንግዳዬን «ጉርድ ማለት ሾርት ነው» ስለው በሺህ ዘመናት ዘግይቼ እንጂ ፈጽሜ አልተሳሳትሁም ብዬ ራሴን ላጽናና እችላለሁ። ልዩነቱ እንግሊዝኛ ቢላዋውን መርሳቱ ነው። ዛሬ እንግሊዛዊ ልጅ «ሾርት» ሲል መቁረጥ በሐሳቡ አይመጣም። ቃሉ ከመቁረጥ ተላቅቆ ለቁመትም፣ ለጊዜም፣ ለገንዘብም፣ ለትዕግሥትም፣ ለመጠጥም፣ ለኤሌክትሪክም የሚያገለግል ሆነ። ብዙ የሠራ ቃል እንደ ብዙ የሠራ መዳፍ ነው፤ መሥመሩ ይጠፋል።

የእኛው «አጭር» ደግሞ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ግዕዙ «ኀጸረ» ነው፤ አጠረ ማለት። «ምኅጻረ ቃል» የምንለውም ከዚሁ ነው፤ ቃልን ማሳጠሪያ። እዚህ ላይ ለተማሪዎች ትንሽ ዘወር ልበል። ግዕዝ «ሐጸረ» የሚል ሌላ ግስም አለው፤ በሐመሩ ሐ የሚጻፍ፤ ትርጉሙ ቅጥር ሠራ፣ አጥር አጠረ ነው። ብዙኃኑ ኀ እና ሐመሩ ሐ በግዕዝ ሁለቱን ለይተው ይጠብቁ ነበር። በአማርኛ ሁለቱም ወደ «አጠረ» ወረዱ፤ በንግግር ልዩነታቸውን የሚነግረን ዐውዱ ብቻ ነው። «አጥሩ አጠረ» ስንል አንዱ ቃል ከቅጥር፣ ሌላው ከቁመት የመጣ ነው፤ ሰሚው ግን አይደናገርም። ፊደሉን «ትርፍ ነው» እያሉ የሚያቃልሉ ወዳጆቼ ቢያንስ ይህን ታሪክ ሳያነቡ እንዳይፈርዱ እለምናለሁ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በ1948 ዓ.ም. ታትሞ በየቤተ መጻሕፍቱ አለ፤ የሁለቱን ግሶች መንገድ ለመከተል ከእርሱ መጀመር መልካም ነው።

ወደ ቅጽሉ ልመለስ። «አጭር» በአማርኛ ሲጠና መጀመሪያ የሚታየው ግሱ ከቅጽሉ የበለጠ መሥራቱ ነው። እንግሊዛዊው ገንዘብ ሲያንሰው ራሱን ባለቤት አድርጎ «እኔ በገንዘብ አጭር ነኝ» ብሎ ይናገራል፤ ቃል በቃል ብንወስደው። አማርኛ ተናጋሪ ግን «ገንዘብ አጠረኝ» ይላል። ያጠረው ገንዘቡ ነው፤ እኔ ያጠረብኝ ነኝ። «እጅ አጠረኝ» ስንል ደግሞ ስለ ክንዴ ርዝመት የሚጠይቅ አይኖርም። ጊዜ ያጥራል፣ ቀን ያጥራል፣ ዕድሜ ያጥራል። ሰው በወጣትነቱ ሲሞት «በአጭሩ ተቀጨ» እንላለን። ሥራ ሊጀምር የተነሣውን «ባጭር ታጠቀ» እንለዋለን፤ ልብሱን ሰብስቦ ከፍ አድርጎ የታጠቀ፤ እዚህ ማጠር ጉድለት ሳይሆን ዝግጁነት ሆነ። ከዚሁ ግስ «እጥረት» የሚለው ስም ተወለደ፤ የውኃ እጥረት፣ የመድኃኒት እጥረት፣ የሰው ኃይል እጥረት እያልን በየዕለቱ የምንሰማው።

እዚህ ላይ ባንክ ቤት ልግባ። በመዝጊያ ሰዓት የገንዘብ ያዧ ሣጥን ሲቆጠር ከመዝገቡ ሲያንስ፣ እንግሊዝኛው «ሾርት» ነው። የባንክ ልጆቻችን «ሾርቴጅ ገጠመኝ» ይላሉ። ይህ ቃል በአማርኛ ደብዳቤ ሲጻፍ ምን ይሆናል? «እጥረት» ካልነው የሚያስፈልገን አልበቃም ማለት ነው፤ ተጠያቂ የለውም። «ጉድለት» ካልነው ሊኖር የሚገባው የለም ማለት ነው፤ ወዲያው «ማን አጎደለው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። አማርኛ ተናጋሪ በሁለቱ መካከል ሳያስብ ይመርጣል። ክረምት ላይ በግድብ ያለው ውኃ ሲያንስ እጥረት ነው፤ በዕድር ሣጥን ያለው ብር ሲያንስ ጉድለት ነው። ተርጓሚ በሁለቱ መካከል ሲሳሳት አንዱን ሰው ከጥፋት ነጻ ሊያወጣ፣ ሌላውን ጥፋተኛ ሊያስመስል ይችላል። እንግሊዝኛው ይህን ፍርድ ለአንባቢው ይተወዋል፤ አማርኛው ቃሉን ከመምረጡ በፊት መፍረድ አለበት። ስለዚህ ተርጓሚው ከመተርጎሙ በፊት «ሊኖር ይገባ ነበር ወይስ ቢኖር ይጠቅም ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልመለስ፤ ይህን ንግግር ለማዘጋጀት የገፋፋኝም እርሱ ነው።

እናቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ታመመች። ወደ አንድ ሕክምና ቤት ወሰድኋት። ስሙን አላነሣም፤ ሠራተኞቹ ትሑቶች፣ ሥራቸውንም የሚወዱ ነበሩ። አንድ ወጣት ባለሙያ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ቅጽ ይዞ ተቀመጠ። ጥያቄዎቹን በጥሩ ድምፅ፣ በአክብሮት፣ አንድ በአንድ ያነብላታል። «እናቴ፣ የራስ ምታት አለብዎት?» «አልፎ አልፎ።» «ሳል አለብዎት?» «የለብኝም።» «አጭር ትንፋሽ አለዎት?» እናቴ ጥቂት ዝም አለች። እኔን ተመለከተች። ከዚያም «የለኝም፣ ልጄ» አለች። እርሱም «የለም» በሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገ። እኔም፣ የቋንቋ መምህሩ ልጇ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ጥያቄው አላነቃኝም። ቋንቋው እንደ ቅጽ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ቅጽም ሁልጊዜ እንዲህ ስለሚናገር፣ ጆሮዬ ለምዶት ነበር።

ወደ ምርመራ ክፍል ስንሄድ ደረጃ ነበረ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የብረት መደገፊያውን ይዛ ቆመች። «ቆይ እስቲ፣ ልጄ፤ ትንፋሽ አጠረኝ» አለች።

ያንኑ ግስ፣ ያንኑ ሥር ነው የተናገረችው። ወጣቱ የጠየቃትም፣ እርሷ የመለሰችውም ስለ ማጠር ነበር፤ ግን «አጭር ትንፋሽ» በእናቴ አማርኛ ውስጥ የለም። «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ቢላት ኖሮ ሳትጨርሰው ትመልስ ነበር። «ዳገት ሲወጡ ቁና ቁና ያስተነፍስዎታል?» ቢላት ደግሞ ከዚያም አልፋ ሌሊት በሁለት ትራስ ተደግፋ እንደምትተኛ ትነግረው ነበር። ተመልሰን ነገርነው፤ ደነገጠ፤ ቅጹን አስተካከለ። የልብ ድካም ነበረባት። በጊዜ ተደረሰባት፤ መድኃኒቷን እየወሰደች አለች፤ ዛሬ ጧትም «ስለ ምን ልታወራ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ «ስለ ትንፋሽሽ» ብያት ስቃብኛለች።

ችግሩ በሰዋስው ሊገለጽ ይችላል። እንግሊዝኛው ማጠርን የትንፋሹ ባሕርይ ያደርገዋል፤ በቅጽል ወይም ከቅጽል በወጣ ስም ይናገረዋል። አማርኛው ማጠርን በሰውየው ላይ የሚደርስ ነገር ያደርገዋል፤ በግስና በተሳቢ ምእላድ ይናገረዋል፦ አጠረኝ፣ አጠረሽ፣ አጠራቸው። ቅጽሉን በቅጽል የተካ ተርጓሚ ቃሉን አገኘ፤ ሕመምተኛዋን አጣ። በሽታ በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ያመኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። በቅጽ ላይ ያሉ ጥያቄዎች ሁሉ በዚህ ሚዛን ቢታዩ ብዙ ሣጥኖች ምልክታቸው ይለወጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከትንፋሽ ወደ ዝናብ ልሻገር። እዚህ ነገሩ ከአንድ ሰው ወደ ብዙ ሰው ይሰፋል።

ስለ ምሥራቅ አፍሪካ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ የአየር ጠባይና የርዳታ ዘገባዎች «አጭር ዝናብ» እና «ረጅም ዝናብ» የሚሉ ሁለት ስሞችን አዘውትረው ይጠቀማሉ። በኬንያ ረጅሙ ዝናብ የሚባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት አካባቢ የሚጥለው ነው፤ አጭሩ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አካባቢ የሚጥለው። አሁን ወደ እኛ ደጋ ኑ። የእኛ ዋናው ዝናብ ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም። ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለውን በልግ እንለዋለን። ስለ ኢትዮጵያ የሚጻፉ የእንግሊዝኛ ዘገባዎች በልግን ምን ይሉታል? «አጭር ዝናብ»፤ አንዳንዴም «ትንሹ ዝናብ»።

እንግዲህ ተመልከቱ። በሚያዝያ ወር ከሞያሌ በስተደቡብ የሚዘንበው «ረጅም» ነው፤ በዚያው ወር በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚዘንበው «አጭር» ነው። ስሙን የሰጠው ደመናው አይደለም፤ በዚያ አገር ከሌላው ዝናብ ጋር የተደረገው ንጽጽር ነው። «ሾርት» እንዲህ ያለ ቅጽል ነው፤ ከምን አንጻር እንደ ሆነ ካልተነገረ ባዶ ነው።

ችግሩ የሚብሰው በራሳችን ድንበር ውስጥ ነው። የቦረና አርብቶ አደር ዋና ዝናብ ክረምት አይደለም። ዋናው በመጋቢት፣ በሚያዝያና በግንቦት የሚጥለው ነው፤ በቦረና ኦሮምኛ ጋና ይሉታል፤ በሌሎች የኦሮሚያ አካባቢዎች ግን ያው ቃል የሰኔንና የሐምሌን ክረምት ያመለክታል። አጭሩ የመጸው ዝናብ ሀገያ ነው። በሶማሌ ክልል ደግሞ የፀደዩ ጉ፣ የመጸዉ ደይር ይባላል። ስለዚህ «በደቡብ ኢትዮጵያ አጭሩ ዝናብ ቀረ» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ በተቀመጠ ተርጓሚ እጅ ሲገባ፣ ተርጓሚው የለመደውን ይዞ «በልግ» ብሎ ቢጽፍ፣ ስድስት ወር ተሳሳተ። ሀገያ ማለት ነበረበት። የቀረው የጥቅምት ዝናብ ሆኖ ሳለ የሚያዝያው እንደ ቀረ ነገረን። «አጭሩ ዝናብ» ብሎ ቃል በቃል ቢተወውስ? ለአርብቶ አደሩም ለገበሬውም ምንም አልነገረም፤ እነርሱ ዝናብን በስሙ እንጂ በክንድ አይለኩትም።

ይህ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። የመጀመሪያው የመጸው ነበር፤ ሁለተኛው የፀደይ፤ እንዲህ እየተፈራረቁ እስከ አምስተኛው። የቦረና ከብት አለቀ። በዚያ ጊዜ የሚወጣ ማንኛውም ዘገባ «የትኛው ዝናብ?» ለሚለው ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ ሊሰጥ ይገባው ነበር፤ ምክንያቱም መኖ መቼ እንደሚላክ፣ ከብት መቼ እንደሚሸጥ፣ ውኃ በቦቴ እስከ መቼ እንደሚመላለስ የሚወሰነው በዚያ ላይ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው፤ «አጭር ዝናብ» የሚል ሐረግ ባያችሁ ቁጥር ብዕራችሁን አስቀምጡ፤ ወሩን ፈልጉ፤ ከዚያ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ስሙን እርሱ ይስጣችሁ።

ስለ ማስጠንቀቂያም ጥቂት ልበል። እንግሊዝኛ ድንገት የሚነገርን ነገር «በሾርት ኖቲስ» ይላል። በአንዳንድ የሥራ ደብዳቤዎች «በአጭር ማስታወቂያ» ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ። በአማርኛ አጭር ማስታወቂያ ማለት ጽሑፉ ያጠረ ማስታወቂያ ነው፤ ሦስት መሥመር የሆነ። ያጠረው ግን ወረቀቱ ሳይሆን ጊዜው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን በሚገባ ያውቃል፤ «የማስጠንቀቂያ ጊዜ» ብሎ ጊዜን ከፊታችን ያስቀምጣል። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ አገልግሎቱ ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ሠራተኛ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር። ሠራተኛው የሚቆጥረው ወሩን ነው። ቅጽሉን ከትክክለኛው ስም ጋር ማጣመር ማለት ይህ ነው።

አንዳንዱ ቦታ ላይ ደግሞ «አጭር» ፍጹም ተስማሚ ሆኖ እናገኘዋለን፤ እኔም ጠላቱ አይደለሁም። አጭር ሞገድ፣ አጭር መልእክት፣ አጭር ርቀት። የአትሌቲክስ ፌዴሬሽናችን ጽሕፈት ቤት በዚሁ በጉርድ ሾላ ነው፤ ከ800 ሜትር በታች ባለው ርቀት እስካሁን የኦሊምፒክ ሜዳልያ ባናገኝም ስሙን በትክክል ተርጉመነዋል። አጭር ልቦለድም አለ። ታደሰ ሊበን «መስከረም»ን በ1949፣ «ሌላው መንገድ»ን በ1952 ዓ.ም. ካሳተመ ወዲህ ይህ የአጻጻፍ ስልት በአማርኛ ሥር ሰድዷል። እዚህ «አጭር» የሚለው ቅጽል ጉድለትን አያመለክትም። ያልተጠናቀቀ፣ ከፊሉ የቀረ ታሪክ ለማለት ብንፈልግ «ቁንጽል» የሚል ቃል አለን። ለሰው ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «አጭር ሰው» ብሎ በፊቱ የሚናገር ጥቂት ነው፤ «አጠር ያለ» ብለን እናለዝበዋለን። ይህን ማለዘቢያ እንግሊዝኛው በአንድ ምእላድ ይሠራዋል፤ እኛ ደግሞ ግሱን እንጠራለን። ግሱ እንደገና መጣ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኞቻችንስ? «ሾርት አደረገ» ይላሉ፤ ወይም «ኮንታክት ፈጠረ»። መተርጎም አላስፈለጋቸውም፤ ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። አንዳንድ ወዳጆቼ በዚህ ይበሳጫሉ። እኔ አልበሳጭም። «ያጠረ ዑደት» ብለን ብንሰጣቸው ሽቦው ምን እንደ ሆነ የሚነግራቸው ነገር የለም፤ «ሾርት» ግን ለእነርሱ ብልጭታውንና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታውን ያመጣል። ቃል ከነገሩ ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ገመዱን መበጠስ አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለዚህ አዲስ ዘዴ መፍጠር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ያለን አለ። ቮልፍ ሌስላው በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተመው የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስቀምጦ፣ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ወደ አማርኛ ይመልሳል። ቃል ለቃል አያጋባም። በዚያው ዓመት የዶክተር አምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ መዝገበ ቃላት ታተመ፤ ለተማሪ እጅ የሚመች ነው። እኔ የሌስላውን መንገድ የምመርጠው «ሾርት»ን የመሰለ ቅጽል ብቻውን ሲቆም ትርጉም ስለሌለው ነው፤ ከጎኑ ያለው ስም ሲለወጥ አማርኛው ቅጽሉን ትቶ ወደ ግስ፣ ወደ ሌላ ቅጽል፣ ወደ ስም ይሄዳል። ጉግል አማርኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ያስገባው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ እኔን ወደዚህ የሚያመላልሰኝ ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ሁለቱም ግን በየጣቢያው ሰው እንዲወርድና ዙሪያውን እንዲያይ ይፈልጋሉ።

የዚህ ዓመት የትርጉም ተማሪዎቻችን አንድ ሥራ ይዘዋል። በየሕክምና ቤቱ የሚነበቡ የሕመም ጥያቄዎችን እየሰበሰቡ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ ለሆኑ እናቶችና አባቶች ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል፤ ያልገባቸውንም ይመዘግባሉ። ከእናንተ መካከል እናቱን ወይም አባቱን ለአንድ ሰዓት ሊያውሰን የሚፈቅድ ካለ፣ በሩ አጠገብ መዝገብ ተቀምጧል። የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ የእኔ እናት ናት።

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን እያሳዩኝ ስለ ሆነ ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት የእንግዳዬን ነገር ልጨርስ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ከባቡሩ ወርደን በእግር ስንሄድ አሮጌውን ጥያቄ ራሴ አነሣሁበትና «ያን ጊዜ የነገርሁህ ትክክል አልነበረም፤ ዛፉ አጭር አልነበረም፤ ተቆርጦ ነው» አልሁት። ቆም አለ። ዙሪያውን በሕንፃዎቹ መካከል ተመለከተና «ማን ቆረጠው?» አለኝ። ለ«ሾርት» ይህን ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።